የመጀመሪያው ውርወራ

ቁጥር ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ መልሱን በኪሱ ይዞ ነው የሚመጣው። የከተማው የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ አቶ ዌንግም እንደዚያው ነበር። የአናናስ ኬክ በካርቶን አስጠቅልሎ ቢሮዬ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፣ ስለ ሙቀቱ ትንሽ አማረርን፣ ከዚያ ነገሩን አወጣው። ምክር ቤቱ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ የስምንቱ ዘበኞች ቡድን ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ ሊያወጣ ነው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቡድኑ ልጆችን ጠበኛ እንደሚያደርግ በጥናት የሚያሳይ ሰው። እርስዎ የዚህችው የሃይፑ ከተማ ተወላጅ ስለሆኑ ማንም አፉን አይከፍትብዎትም አለኝ።

ስምንቱ ዘበኞች ጌታው፣ የከተማችን መቅደስ አምላክ፣ በዓመት በዓሉ በዙፋን ላይ ሆኖ ከመቅደሱ ሲወጣ ፊታቸውን በቀለም ተቀብተው፣ የላባ ማራገቢያና የእንጨት መሣሪያ ይዘው፣ ከዙፋኑ ፊት ፊት እየጨፈሩ ክፉ መንፈስ የሚያባርሩ ጎረምሶች ናቸው። ግማሹ የሃይፑ ሰው በረከት ይላቸዋል፣ ግማሹ ዱርዬ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ልክ ነው።

ሥራዬ ጎረምሶች ለምን እንደሚደባደቡ መቁጠር ነው። ትዳር ያለው በትዳሩ፣ እኔ በዚህ አርጅቻለሁ። ምን ቢደረግ ጠቡ ይቀንሳል፣ ምን ቢደረግ ይብሳል፣ የቀነሰው በተደረገው ነገር ነው ወይስ ሳይደረግም ይቀንስ ነበር፤ ይኸው ነው ጥያቄው፣ ሌላ የለም። ዓይኔ ደከመ፣ ጉልበቴ ደከመ፣ ጎረምሶቹ ግን አልደከሙም። ስለዚህ አቶ ዌንግን ኬክህን ይዘህ ሂድ ማለት ነበረብኝ። ያላልኩት በእናቴ ምክንያት ነው።

እናቴ ሹዪን ሰማንያን ተሻግራለች። ከቤታችን ወደ ገበያ የሚወስደው አጭር መንገድ በጨው ጎዳና በኩል ነው፤ መቅደሱም የሚገኘው እዚያው ጎዳና መሐል ላይ ነው። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አልሄደችም። በወደቡ በኩል ዞራ፣ በፀሐይም በዝናብም፣ ጎመኗን ተሸክማ ትመለሳለች። ለምን ሲሏት «ልጄን የበላ ቤት ደጅ አልረግጥም» ትላለች።

የተበላው ልጅ ታናሽ ወንድሜ ጂያሆንግ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቡድኑ ውስጥ ገባ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ሰልፍ ላይ፣ ከሌላ መቅደስ ቡድን ጋር ተጣልተው አንዱን ልጅ በብረት መትቶ አንድ ዓይኑን አጠፋው። ታሰረ። ከወጣ በኋላ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኪሉንግ ሄደና ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆነ። ለአዲስ ዓመት ይደውላል እንጂ አይመጣም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እሱ በጠብ ታሰረ፣ እኔ በጠብ ደመወዝ በላሁ።

ጥናቱን እንደያዝኩ ስነግራት እናቴ የያዘችውን ቢላ አስቀመጠች።

«እንግዲህ ይለይለታል» አለች። «እኔ የምለውን ማንም አልሰማኝም፤ ቁጥር ሲናገር ይሰማሉ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ስገባ ስለ ራት ሳይሆን ስለ ጥናቱ ነበር የምትጠይቀኝ። ልጇን ማን እንዳበላሸው እኔ ፈርጄ እንድነግራት ትጠብቅ ነበር። ደስ አላለኝም፤ ግን ለእናቴ እምቢ ማለት ከአቶ ዌንግም ይከብዳል።

መጀመሪያ ቀላሉን ሠራሁ። የቡድኑን ልጆችና የቀሩትን የከተማውን ልጆች ወስጄ በድብድብ ፖሊስ ጣቢያ የቆዩትን አነጻጸርኩ። ልዩነቱ የትየለሌ ነበር። አቶ ዌንግ እዚሁ እንድናቆም ፈለገ፤ ምን ቀረ አለኝ።

«አቶ ዌንግ፣ ሐኪም ቤት የተኛ ሰው ቤቱ ከተኛው ይልቅ ይሞታል። ሐኪም ቤቱን እንዝጋው?»

«መምህርት ሊያው፣ ነገር አያወሳስቡብኝ» አለ። «ምክር ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሰው የለም።»

የለም፣ እሱስ እውነቱን ነው። ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ አባቱ በየማታው ቤት የሚገባ ልጅ፣ ፊቱን ሊቀባ አይሄድም። የሚሄደው አስቀድሞ የተቸገረው ነው። ቡድኑ አበላሸው ወይስ ተበላሽቶ መጣ የሚለው በዚህ ንጽጽር አይለይም።

ቀጥዬ አምሳያ መፈለግ ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ የቡድኑ ልጅ፣ ዕድሜው እኩል፣ ከትምህርት ቤት እኩል የሚቀር፣ አባቱም እንደዚያኛው አባት ባሕር ላይ የሚከርም ወይም ጠፍቶ የቀረ፣ ግን ቡድኑ ውስጥ ያልገባ ልጅ አፈላልጌ አጣመርኩ። አድካሚ ሥራ ነው፤ ለአንዳንዱ ልጅ በከተማው ሁሉ አምሳያ አይገኝለትም። ልዩነቱ በግማሽ ወረደ፣ ግን አልጠፋም። ልቤም አልረጋም። አምሳያ የሚመሳሰለው በተጻፈ ነገር ነው። ልጁ ሲናደድ ከንፈሩ የሚነጣ መሆኑን፣ ከማን ጋር እንደሚያመሽ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደብቅ ማን ይጽፈዋል? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

መፍትሔው የመጣልኝ አንድ ጠዋት የዓሣ ገንፎ ስበላ ነው። አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ዓሣ ሻጭ ለጓደኛዋ በልጅ ልጇ ታማርር ነበር። ዘበኛ ካልሆንኩ ብሎ ቤቱን ሲያምስ ከርሞ ሄዶ ጠየቀ፣ ጌታው ግን አልፈልግህም አለው፣ ይኸው አኩርፎ ተኝቷል አለቻት። ማንኪያዬን አፌ ሳላደርስ ቀረሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ ስለማውቀው ነው ያላየሁት። ወደ ቡድኑ የሚያስገባው ጌታው ራሱ ነው። ልጁ መሠዊያው ፊት ይንበረከካል፣ ስሙ ይነበባል፣ ሁለት ቀይ እንጨቶች ይወረወራሉ። እንጨቶቹ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጠረቡ፣ በአንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ በሌላው እብጥ ያሉ ናቸው። አንዱ በጠፍጣፋው ሌላው በእብጡ ካረፈ ጌታው እሺ ብሏል። ሁለቱም እብጣቸውን ወደ ላይ ካሳዩ እምቢ ነው። ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ካሳዩ ጌታው እየሳቀ ነው፤ ለዘበኝነት ሲሆን ሳቁም እምቢ ነው።

እኛ ተመራማሪዎች በየስብሰባው የምንለምነው ይህንኑ ነበር፤ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለው በዕጣ ይወሰን እያልን። ዕጣ የልጁን ጠባይ አያውቅም፣ የአባቱንም ስካር አያውቅም። በዕጣ የገቡትና በዕጣ የቀሩት ሲጀመር አንድ ዓይነት ልጆች ናቸው፤ በኋላ ከተለያዩ የለያያቸው መግባቱ ነው። የትኛውም ባለሥልጣን ልጆችን በዕጣ አልለይም ብሎ ያባርረናል። ጌታው ግን ያለ አንዳች የምርምር በጀት ይህን ሲሠራ ኖሯል።

በዚያው ቀን ጋሽ ኩንሻን ጋ ሄድኩ። የቡድኑ አለቃ ነው። ሰባን አልፎታል፤ በጉልምስናው ለጀልባዎች በረዶ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ጣቶቹ ጠማማ ሆነው ቀርተዋል። እናቴ ስሙን ስለማትጠራ እኔም ለዓመታት ከሩቅ ሰላም እያልኩት ነው የማልፈው። አሳቤን ስነግረው ቀይ ድዱን አሳይቶ ሳቀ።

«እና ጌታውን ረዳትሽ አድርገሽ ልትቀጥሪው ነው?»

«ደመወዝ አይጠይቅም ብዬ ነው።»

«ዕጣን ይጠይቃል» አለ። «በዩኒቨርሲቲው ስም አጭሺለት።»

አጨስኩለት። ጋሽ ኩንሻንም ጌታው ፊት የተነበቡትን የልጆች ስም ወረቀቶች፣ የገባውን ከቀረው ለይቶ፣ በየዓመቱ በቀይ ክር እንዳሰራቸው አውጥቶ ሰጠኝ። ምን እንደምፈልግ ብዙም አልጠየቀኝም። የሹዪን ልጅ ደጁን መርገጧ ብቻ በቅቶት ነበር መሰለኝ፤ እስከ በሩ ሸኝቶኝ ለእናቴ ሰላምታ ሊልክ አሰበና ተወው።

ቁጥሩን ስሠራ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እንጨቶቹ እሺ የሚሉት ወደ ግማሽ ገደማ መሆን ነበረበት፤ የገቡት ግን ከግማሽ በጣም ይበልጣሉ። እንጨቶቹ አርጅተው ጠርዛቸው ተበልቷል ማለት ነው ብዬ አለፍኩት። የደከመው ሰው የሚመቸውን ምክንያት ያምናል።

ውጤቱ ወጣ። ጌታው የተቀበላቸው ልጆች፣ ጌታው ካልተቀበላቸው ይልቅ ይደባደባሉ፣ ይታሰራሉ። ልዩነቱ በአጋጣሚ የሚመጣ አልነበረም። ደጋግሜ ፈተሽኩት፣ አልነቃነቅ አለኝ። እንግዲህ እናቴ ልክ ነበረች፤ የሚያበላሸው መቅደሱ ነው።

አቶ ዌንግ በስልክ ሲሰማ ድምፁ ተለወጠ፤ እናት አገር የጠቀምኩ አስመሰለው። በሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ ላይ እንዲገባ በዚያው ሰዓት አዘዘ። ለእናቴ የነገርኳት ራት ላይ ነው። ደስታ ባልጠብቅ እንኳ እፎይታ ጠብቄ ነበር። ጎድጓዳ ሳህኗን አስቀመጠች።

«የገቡት ናቸው ከቀሩት የባሱት?»

«አዎ እማዬ።»

«ቢቀር ኖሮ ደህና ይሆን ነበር ማለት ነው።»

«በአማካይ» አልኳት፣ እንደ ሥራዬ ልማድ።

ዓሣው ሳይነካ ተነሥታ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ያልቆሸሸውንም አጠበችው። ቃሉ በጣም ዘግይቶ ስለመጣላት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ጋሽ ኩንሻን ወሬውን ከጋዜጣ መስማት የለበትም ብዬ በማግስቱ ሄድኩ። የቀለም ሳህኖቹን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ነገርኩት። ደንቡ እንደሚወጣና ከእንግዲህ ልጆች እንደማይገቡለትም ነገርኩት። እጁ ወልውሎ የጨረሰውን ሳህን እንደገና ይወለውል ጀመር።

«ዓመቱን ሙሉ እንደ ልጆቼ የማየው እነሱን ነው» አለ። «ይበላሻሉ ካልሽ እንግዲህ ምን እላለሁ። አንቺ ተምረሻል።»

ላጽናናው ብዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ጌታው ነው የመረጣቸው፣ እኔም ያመንኩት ጌታው ስለመረጠ ነው፣ ሰው መርጦ ቢሆን ኖሮ አላምነውም ነበር አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ጌታው ሁሉንም በመጀመሪያው ውርወራ ነው እሺ ያላቸው ብለሽ ነው?»

«እና?»

ጨርቁን አስቀመጠው። «ሁሉንም አይደለም። አንዳንዷ እናት ትመጣለች። ልጇ እምቢ በተባለ ማግስት፣ በጓሮ በር። ትራሱ ሥር ስለት ያገኘች አለች። እህቱን የመታባት አለች። ‹ጋሼ፣ እዚህ ካልገባ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ› ትለኛለች። ምን ላድርግ? እንደገና እወረውራለሁ።»

«ጌታው እምቢ ብሎ እያለ?»

«ጥያቄውን እቀይራለሁ። በመጀመሪያ ‹ይግባ ወይ› ብዬ ከሆነ፣ ቀጥሎ ‹ለሙከራ ይሁን ወይ› እላለሁ። እምቢ ካለኝ ‹እናቱስ ታልቅስ ወይ› እለዋለሁ። ጌታውም ሰው መጨቅጨቁ ይሰለቸዋል፤ ኋላ እሺ ይላል።»

ሳቅ መጣብኝ፣ ከዚያ መሠዊያው ጥግ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ለምን እንደሆነ ገባኝ። እንጨቶቹ ምንም አልሆኑም። የገቡት መሐል እናታቸው የፈራችላቸው ልጆች አሉበት፤ የቀሩት እናታቸው እንቅልፍ የሚወስዳት ልጆች ናቸው። ታዲያ የገቡት ቢብሱ ምን ይደንቃል? መቅደሱን የለካሁ መስሎኝ የለካሁት የእናቶችን ፍርሃት ነው። እናት ደግሞ ከማንኛውም መዝገብ ቀድማ ታውቃለች።

የመጀመሪያውን ውርወራ ብቻ ይንገሩኝ ብዬ ለመንኩት። በኋላ የፈለጉትን ያህል ደግመው ቢወረውሩ ግድ የለኝም፤ በመጀመሪያው እሺ የተባሉትንና በመጀመሪያው እምቢ የተባሉትን ለይቼ ካወቅሁ ሥራዬን አድነዋለሁ፤ የመጀመሪያው ብቻ ነው ማንም እጁን ያላስገባበት፤ የሚቆጠረው እሱ ነው አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። እንኳን የሌላውን፣ የዘንድሮውንም አያስታውስም። ሰው የሚያስታውሰው በመጨረሻ እሺ የተባለውን ነው።

«የማስታውሰው እናትሽን ብቻ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

«ምን?» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እኔ… ነግራሽ መስሎኝ።»

«አልነገረችኝም።»

«ጌታው ጂያሆንግን እምቢ ብሎት ነበር። እናትሽ በማግስቱ መጣች፤ ዝናብ ነው፣ ጃንጥላ እንኳ አልያዘችም፣ አንድ ዘንቢል ዘይቱና ይዛ። ልጁ ማታ ማታ ኮንትሮባንድ ከሚያወርዱት ጀልባዎች ጋር ይታይ ነበር። ‹ውሃ ከሚበላው ፊቱን ቢቀባ ይሻላል› አለችኝ። ተንበረከከች። ብዙ ጊዜ ወረወርኩ፤ እጄ እስኪዝል። ያኔ ልጅ አልነበረኝም፤ ሰው ሲያለቅስ አላውቅበትም ነበር።»

ወጥቼ ስኩተሬ ላይ ተቀምጬ ሞተሩን ሳላስነሳ ቆየሁ። ሠላሳ ዓመት በወደቡ በኩል የዞረችው ለምን እንደሆነ አሁን ገና ገባኝ። ራት ላይ «ቢቀር ኖሮ ደህና ይሆን ነበር ማለት ነው» ስትለኝ እኔ «በአማካይ» ብያታለሁ። ያን ቃል ብመልሰው በወደድኩ።

አቶ ዌንግ ጥናቱን እንደሰረዝኩ ስነግረው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው፣ ቀጥሎ ተቆጣ። አጀንዳው ታትሟል አለ። ታዲያ ያበላሻል ወይስ አያበላሽም አለ። አላውቅም አልኩት። ባለኝ ነገር ስገምተው መልሱ ከ«ያድናል» እስከ «ያጠፋል» ሰፊ ነው፣ መሐሉ ላይ «ምንም አያደርግም» ተቀምጧል አልኩት።

«አላውቅም ለማለት ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማሩት?»

«አዎ» አልኩት። ስልኩን ዘጋው። ምክር ቤቱ በኋላ ጉዳዩን ከምርጫው በኋላ እናየዋለን ብሎ አሳደረው፤ እንደ ሌላው ጉዳይ ሁሉ።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የበቀለ ማሾ ጭራ እየቀነጠሰች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እኔም መቀንጠስ ጀመርኩ። ውጤቱ ተሰርዟል፣ ስሕተት ነበረበት፣ ጋሽ ኩንሻን ለአንዳንድ ልጆች ደግሞ ይወረውር ነበር አልኳት። የማንንም ስም አላነሣሁም። ቀና ሳትል ለረጅም ጊዜ ቀነጠሰች።

«ኩንሻን ነገረሽ» አለች።

«ነገረኝ።»

«አንቺ ያኔ ታይፔ ትምህርት ላይ ነበርሽ። አባትሽ ባሕር ላይ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ።» እጇ ቆመ። «ከኮንትሮባንዱ ጀልባ ልጆች አንዱ ሰምጦ ቀረ። ሌላው ደግሞ ደህና ሆነ፣ አሁን የመለዋወጫ ሱቅ አለው። ጂያሆንግ የትኛውን ይሆን እንደነበር ሌሊት ሌሊት አስባለሁ። የሰመጠውን ሳስብ ደግ አደረግሁ እላለሁ፣ ባለ ሱቁን ሳስብ በእጄ ገደልኩት እላለሁ። ቁጥርሽ የትኛው እንደሆነ አይነግረኝም?»

«አይነግርም እማዬ። ስለ ብዙ ልጆች ቢሆን ሲቀናኝ አንድ ነገር እላለሁ። ስለ አንድ ልጅ ግን አልችልም። የገባውን ጂያሆንግ አየነው፤ ያልገባውን ማንም አላየው።»

«ታዲያ ምን ይሠራል ትምህርትሽ?»

ልትሰድበኝ ብላ አልነበረም፤ እውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው። ሁለታችንም ደክሞን ነበር፣ እሷ ከእኔ ይልቅ። ማሾውን ከጭኗ ላይ አራግፋ፣ ዘንቢሏን ይዛ ተነሣች።

«ውሰጂኝ» አለች። «በጓሮ በኩል።»

ከኋላዬ ስኩተሩ ላይ ተቀመጠች፤ ወገቤን እንደ ሕፃን ጠበቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር። በወደቡ ዞረን፣ በመቅደሱ ጓሮ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ገባን። ጋሽ ኩንሻን ሲያያት የያዘውን መጥረጊያ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። በርጩማ አመጣ፣ ሻይ ልቅዳ አለ፣ እግሯ ሥር ያልነበረ አቧራ ጠረገ። እናቴ ዕጣን ለኮሰች፤ እንጨቶቹን አንሥታ እንደ ደንቡ ስሟንና የምትኖርበትን ቤት ለጌታው ተናገረች። ቀጥላ፣ ሁላችንም እየሰማናት፣ እንዲህ አለች፦

«ልጄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ወይ?»

ወረወረች። እንጨቶቹ ድንጋዩ ላይ ተንከባለው አረፉ። ሁለቱም እብጣቸውን ወደ ላይ። ጌታው አይደለሽም አላት።

እናቴ እንጨቶቹን እያየች ቆየች። ደስታ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«በደንብ አልጠየቅሁም» አለች። «ስጠኝ፣ ልድገመው።»

ጋሽ ኩንሻን እንደ ዕድሜ ልክ ልማዱ ጎንበስ ብሎ እንጨቶቹን አንሥቶ ነበር። እጁን ዘረጋላት፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ እጁን ሰበሰበ። እንጨቶቹን መሠዊያው ላይ፣ እሷ ከማትደርስበት፣ አስቀመጣቸው።

«እትዬ ሹዪን፣ የመጀመሪያው ነው የሚቆጠረው» አላት። «ለእኔም ያስተማረችኝ ልጅዎ ናት።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኖቿ ደክመዋል፣ እንዳልዋሻት እየለመኑኝ ይሁን እንድዋሻት አላውቅም።

«እውነት ነው?»

ሁለት እንጨት ነው። አንድ ጊዜ ተወርውሮ ከአራት አንድ ያህል በአጋጣሚ እንዲህ ይወድቃል። ተማሪ ይህን ማስረጃ ብላ ብታመጣልኝ ወንበር ላይ እንኳ አላስቀምጣትም። ለአቶ ዌንግ አይበቃም ብዬ የሰረዝኩት ማስረጃ እንኳ ከዚህ በብዙ ይሻል ነበር።

«እውነት ነው እማዬ» አልኳት። «የመጀመሪያው ነው የሚቆጠረው።»

ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። መሠዊያውን እጅ ነሥታ ዘንቢሏን አነሣች። ወደ ጓሮው ልመራት ክንዷን ስይዝ አስለቀቀችኝና ወደ ፊት ለፊቱ በር አቀናች። ከፍ ያለውን ደፍ በአንድ እጇ የጋሽ ኩንሻንን ትከሻ ይዛ ተሻገረችው፤ ጨው ጎዳና ላይ ቆማ ግራና ቀኝ ተመለከተች።

«እዚህ ጋ የጨርቅ ሱቅ ነበር» አለችኝ። «የት ሄደ?»